ልገሳው ከመርዶው ጋር በአንድ ትንፋሽ ሲመጣ

የሌሊት ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የፅኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን ሌሊት። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የኛ አገር ሰዎች ቤተሰብ ገጠመኝ። ማንነታቸውን የሚያስታውቅ ነገር አልጽፍም። ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናትየው ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ሐኪሙ ገባ። አልተቀመጠም። አንድ እጁ በሩ ላይ እንዳለ ተናገረ፤ የታማሚው የአጎት ልጅ አስተረጎመ። «አንጎሉ ሞቷል። በሕይወት ያቆየው ማሽኑ ነው። ስለ አካል ልገሳ የሚያነጋግሯችሁ ሰዎች ይመጣሉ።» በቃ፣ ይሄው ነው።

እናትየው ቀና አለችና «ገና ሳይሞት?» አለች።

በኋላ የመጣችው የልገሳ አስተባባሪ ደግ ሴት ነበረች። ቁጭ ብላ፣ እጇን ይዛ፣ ቀስ ብላ ነው ያነጋገረቻቸው። ግን ነገሩ አስቀድሞ ተበላሽቷል። ቤተሰቡ እምቢ አለ። ጠዋት ፈረቃ ስንቀያየር አንዷ ባልደረባዬ «ባህላቸው ነው፤ እንደማይስማሙ አውቄው ነበር» አለችኝ። ያኔ መልስ አልሰጠኋትም። እዚህ ልመልስላት።

እኛ ጋ መርዶ ወግ አለው። እንደተሰማ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ይጠራል። የሚናገረው ሽማግሌ ይመረጣል። ሌሊቱን ተኝታ ትደር ይባላል፤ ጎህ ሲቀድ በሯ ይንኳኳል። ስትወድቅ የሚይዟት ሰዎች ከኋላ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር አይነሳም። ድንኳኑንም፣ ሳጥኑንም፣ ቀብሩንም የሚያስበው እድሩ ነው። በዚህ ወግ ያደገች እናት «ሞቷል፣ አካሉን ስጡን» የተባለች ያህል ነው የተሰማት። በዚያ ላይ በሌሊት፣ ያውም ከቆመ ሰው አፍ።

የአሜሪካ ደንብ ራሱ ከኛ ወግ ብዙ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሆስፒታሎች ሰው ሲሞት ወይም ሊሞት ሲቃረብ ለአካባቢው የአካል ልገሳ ድርጅት መደወል አለባቸው። ቤተሰቡን የሚጠይቀው ግን ከድርጅቱ የመጣ ሰው ወይም ለዚሁ የሠለጠነ ሰው ነው። መርዶው ለብቻው፣ ጥያቄው ለብቻው። መሃል ላይ የሚለቀስበት ጊዜ አለ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን 20 ሰዓት ያልተኛ ሐኪም አለ። ሁለት ከባድ ሕመምተኛ የያዘች ነርስ አለች። ቶሎ ተናግሮ ለመውጣት የሚቸኩል ሰው አለ።

ስለ ራሴም ልናገር። ለብዙ ዓመት እኔም በአካል ለጋሽነት አልተመዘገብኩም ነበር። ስልኩን የምደውለው ግዴታ ስለሆነ ነው። አስተባባሪዋ ስትመጣ ዕቃ ክፍል ገብቼ ፋሻ እደረድር ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥንብ አንሳ የመጣ ያህል ይሰማኝ ነበር። ቤተሰቡ ደግሞ የኛን ፊት ያነባል። ሦስት ቀን ሙሉ ልጃቸውን ያገላበጠችው ነርስ ፊቷን ስታዞር ያያሉ። እኔ ያላመንኩበትን ነገር እነሱ እንዴት ይመኑ?

ከናንተ መሃል ይህ የደረሰበት አለ? እንዴት ነገሯችሁ? ምን ቢሉ ትሰሙ ነበር?


የጉለሌ ልጅ፦

እህቴ፣ ቁስሌን ነው የነካሽው። ታላቅ ወንድሜ እዚህ ሜሪላንድ ነው ያረፈው። አራት ዓመት አለፈው። እኛም እምቢ ብለናል።

ምክንያቱ ሃይማኖት አልነበረም። አምስት ቀን ስንቆይ ስሙን አስተካክሎ የጠራው ሰው አልነበረም። አንዳንዱ «የአልጋ ቁጥር ይሄ» ነው የሚለው። ዘመድ ሲበዛ ጥበቃ ጠሩብን። መቼም ታውቂዋለሽ፣ እኛ ጋ ታማሚ ብቻውን አይተኛም። አክስቴ ፔርሙስ ይዛ ከቨርጂኒያ ድረስ መጥታ ኮሪደር ላይ ቆማ ነው የዋለችው። «ሁለት ሁለት ሰው ብቻ» ይሉናል። የሚያስረዳን ግን የለም።

በአምስተኛው ቀን ታይቶ የማይታወቅ ትሕትና መጣ። ሶፋ ያለው ክፍል ተሰጠን። ውሃ፣ ብስኩት፣ ሶፍት። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። እናቴ ዙሪያውን አየችና «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ በጆሮዬ።

መልሳችንን የሰጠነው ያን ቀን ነው። የወሰንነው ግን በሁለተኛው ቀን፣ ጥበቃ ሲጠራብን ነው።


ጥያቄ አለኝ፦

የጉለሌ ልጅ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

የሌሊት ፈረቃ፣ አንድ ነገር አብራሪልኝ። ልቡ እየመታ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ገላው እየሞቀ እንዴት ሞተ ይባላል? እኔም እንደ እናትየው ነው የምጠይቀው።


የሌሊት ፈረቃ፦

የጉለሌ ልጅ፣ ያነበብኩት ቆሜ ነው። ስለ አክስትህ ይቅርታ። አንተ የጻፍከው ያ ሆስፒታል የኔም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ አለኝ፣ ጥሩ ጠየቅክ። ልብ የሚመታው አንጎል እያዘዘው አይደለም። የራሱ ኤሌክትሪክ አለው። ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ለጊዜው ይመታል። ደረቱን የሚያነሳው አየር የሚገፋው ማሽን ነው። ሙቀቱም ደሙ ስለሚዞር ነው። ትንፋሽን የሚያዝዘው የአንጎል ግንድ ግን ሞቷል። የሞተ አንጎል ደግሞ አያገግምም። ከኮማ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኮማ ላይ ያለ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው።

ምርመራው በጥድፊያ አይደረግም። መጀመሪያ ጉዳቱ ከምን እንደመጣ መታወቅ አለበት። የማደንዘዣ መድኃኒት ከደሙ መውጣት አለበት። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ከሆነ ይሞቃል። ከዚያ ዓይኑ ላይ መብራት ይበራል፣ የዓይኑ ብሌን ይነካል፣ ጆሮው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይንቆረቆራል፣ ጉሮሮው ይነካካል። መጨረሻ ላይ ኦክስጅን እየተሰጠው ማሽኑ መግፋቱን ያቆማል። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ደረቱ ላይ እናፈጣለን። ደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ትንሽ እንኳ የሚሠራ ነገር ካለ ያ ጋዝ ያስተነፍሰዋል። ካልተነፈሰ፣ ሞቷል። ሰዓቱ ይጻፋል። የሞት ወረቀቱ ላይ የሚገባውም ያ ሰዓት ነው፣ ማሽኑ የተነቀለበት አይደለም።

አሁን አሁን አንዳንድ ቤተሰብ እዚያው ቆሞ እንዲያይ እንጋብዛለን። ከባድ ነው። አንድ አባት ግን ያን 10 ደቂቃ አብረውን ቆመው ካዩ በኋላ «አሁን ገባኝ፤ ሄዷል» ብለው ልጃቸውን ስመው ወጡ። ከኔ ማብራሪያ ሁሉ ያ በለጠ።


አስተርጓሚዋ፦

የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ፣ ሚኒሶታ። ስለ ቃላት ትንሽ ልበል።

«ብሬን ዴድ» ተብሎ «አንጎሉ ሞቷል» ብዬ ስተረጉም ሰው የሚሰማው «ሌላው ደህና ነው» የሚል ነው። እግሩ ተሰብሯል እንደማለት። «ላይፍ ሰፖርት» ሲሉ ደግሞ ይብሳል። «ሕይወቱን የሚደግፍ ማሽን» ካልኩ፣ ሕይወት አለ ማለት ነዋ! ስለዚህ ወደ ክፍሉ ከመግባታችን በፊት ሐኪሙን እጠይቀዋለሁ፦ ሞቷል ለማለት ነው? ከሆነ «ሞቷል» በል፤ እኔም «አርፏል» ወይም «ሞቷል» እላለሁ። አንዳንዱ ሐኪም ይደነግጣል። ራሱ ቃሉን መጥራት ፈርቶ ነው እንግሊዝኛው ውስጥ የተደበቀው።

ሁለተኛው «እሺ» ነው። አንድ አባት ሐኪሙ በተናገረ ቁጥር ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ «እሺ... እሺ ልጄ» ይላሉ። ሐኪሙ «ተስማምተዋል» ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶ አወጣ። የሳቸው «እሺ» ግን እየሰማሁህ ነው ነው። ለነጭ ጋውን የሚሰጥ ክብር ነው። እንዲህ ሲሆን ሥራዬ በሚፈቅድልኝ መንገድ አቋርጣለሁ። «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች» እላለሁና «የገባዎትን በራስዎ አባባል ይንገሩን» ተብለው እንዲጠየቁ አደርጋለሁ። አባትየው ሲጠየቁ «መርፌ ሊጨምሩለት ነው» አሉ። እኔም ሐኪሙም ዝም አልን።

እባካችሁ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ጠይቁ። ልጅ አታስተርጉሙ። የ13 ዓመት ልጅ የአባቷን ሞት ለእናቷ ስትተረጉም ደርሼ አውቃለሁ። እኔ የደረስኩት ከተናገረች በኋላ ነው።


የሌሊት ፈረቃ፦

አስተርጓሚዋ፣ ይህን «በራስዎ አባባል ይንገሩን» የሚለውን ነገ ማታ ክፍላችን ውስጥ እናገረዋለሁ። የኔም ሐኪም እንዲህ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ «ገና ሳይሞት?» የሚለው እዚያው ይሰማ ነበር።


ነታንያ፦

ከእስራኤል ነኝ። እዚህ ስለ ልገሳ ሲነሳ ወላጆቻችን ወዲያው የሚያስታውሱት ደሙን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 መጀመሪያ ላይ ከቤተ እስራኤል የተለገሰ ደም ለዓመታት በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ጋዜጣ አወጣው። ኤች አይ ቪን ፈርተን ነው አሉ። ደሙን ሲቀበሉ ግን «እናመሰግናለን» ይሉ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ። እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ ከጭስ ቀልቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የፓርላማ አባሏ ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልትሰጥ ብላ ኢትዮጵያ ስለተወለደች አይሆንም ተባለች። ያኔ ከመጣች 29 ዓመት ሆኗት ነበር፤ ስትመጣ የ3 ዓመት ልጅ ነበረች።

አባቴ «ደሜን የደፋ ሰው ልቤን ምን ያደርግለታል?» ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት?

ግን እኔ የአዲ ካርድ (የአካል ለጋሽነት ካርድ) ፈርሜያለሁ። እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ሕግ ካርዱን ለፈረመ ሰው፣ ራሱ አካል የሚያስፈልገው ቀን ቅድሚያ ይሰጠዋል። እኔ የፈረምኩት ለቅድሚያው አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ስለነበረች ነው። ሆኖም ካርድ ኖረም አልኖረም እዚህ ቤተሰብ ይጠየቃል። ያን ቀን አባቴን የምትጠይቀው ነርስ ስለ ደሙ ታሪክ የምታውቅ ብትሆን ደስ ይለኛል። ይቅርታ እንድትጠይቀው አይደለም። ዝም ሲላት ለምን እንደሆነ እንድታውቅ ነው።


ጥያቄ አለኝ፦

ለአንጎሉ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። እውነት ገባኝ። አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

አባቴ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ዲኤምቪ ላይ የተጠየቀውን ሁሉ «የስ» ብሎ ነው የወጣው። አድራሻህ ይሄ ነው? የስ። መነጽር ታደርጋለህ? የስ። ዶነር (አካል ለጋሽ) መሆን ትፈልጋለህ? የስ። ካርዱ ላይ የልብ ምልክት አለች። የምን እንደሆነች አያውቅም ነበር። ስትሮክ መቶት ሲያርፍ «መዝገብ ላይ አለ፤ ውሳኔው የራሱ ስለሆነ ፈቃድ አንጠይቃችሁም፣ እናሳውቃችኋለን» አሉን። ሕጉ ነው አሉ። እናቴ እስከ ዛሬ «ሰረቁኝ» ነው የምትለው። ይሄ ፈቃድ ነው?


የሌሊት ፈረቃ፦

ሕጉ ያሉህ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ራሱ ከተመዘገበ ቤተሰብ ሊሽረው አይችልም። ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። እኔ ተመዝግቤ፣ ስሞት የማያውቀኝ ዘመድ መጥቶ ፈቃዴን እንዲያፈርስ አልፈልግም።

የአባትህን ግን ፈቃድ ብዬ ለመጥራት አፌን ይይዘኛል። ሰው ያልገባውን «የስ» ብሎ ከሆነ እንደ አስተርጓሚዋ «እሺ» ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ከኋላ 40 ሰው ተሰልፎባታል። እሷም አላብራራችም፤ እሱም አልጠየቀም።

ሆስፒታሉም ቢሆን እንደ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንበብ አልነበረበትም። ጥሩ አስተባባሪ መጀመሪያ ስለ አባትህ ነው የምትጠይቀው። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር? እናትህ ታውራ፣ ታልቅስ። ከዚያ «ይህን ተመዝግበው ነበር፤ ነግረዋችሁ ያውቃሉ?» ትላለች። ያን ጊዜ «ሳይገባው ነው» የሚለው ነገር ይወጣ ነበር፣ ይነጋገሩበትም ነበር። እናትህን አደራ ሰላም በልልኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ መንጃ ፈቃዳችሁን አሁን አውጡና እዩት። የልብ ምልክቷ ካለችና ካልፈለጋችሁ ማስወጣት ይቻላል። ከፈለጋችሁ ደግሞ ለቤት ሰው ተናገሩ።


ተራ ጠባቂ፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሲያትል ነኝ። ኩላሊት እየጠበቅሁ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ማሽን ላይ ነኝ። እዚህ አገር ከ100,000 በላይ ሰው ተራ ይጠብቃል። አብዛኛው እንደኔ ኩላሊት ጠባቂ ነው።

የጉለሌ ልጅ፣ አልፈርድባችሁም። ይህን ከኔ እንድትሰማው ፈልጌ ነው የጻፍኩት። እኔንም ይሄው ሥርዓት በድሎኛል። የኩላሊት ሥራ በደም ምርመራ ሲሰላ ጥቁር ከሆንክ ቁጥሩ ከፍ ተደርጎ ነበር የሚሰላው። ኩላሊቴ ከነበረበት የተሻለ ይመስል ነበር፤ ተራ ውስጥም የገባሁት ዘግይቼ ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2022 ለንቅለ ተከላ ተራ ተከለከለ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ ሆስፒታሎች የጥቁር ታማሚዎችን መዝገብ መልሰው አይተው የጠፋውን ጊዜ እንዲያስተካክሉ ታዘዙ። ለኔ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተመለሰልኝ። ያን ቀን የደወለችልኝ ነርስ ስሜን አጥርታ ነበር የጠራችው። ከመደወሏ በፊት ተለማምዳው እንደሆነ ነገረችኝ።


ዲያሊሲስ ክፍል፦

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ነርስ። የምሠራበትን ቤት አልጠቅስም። እኛ ጋ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በጳውሎስ ሆስፒታል፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እገዛ ሲጀመር ሁላችንም አልቅሰናል። ከዚያ በፊት ያለው ሰው ሕንድ ይሄድ ነበር፤ የሌለው በየመንገዱ በድምፅ ማጉያ ይለመንለት ነበር። ኩላሊቱ የሚሰጠው ግን በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። ስለዚህ «እሺ» የሚለው ሰው እፊታችን ቁጭ ብሎ ነው የሚለው። እውነተኛ እሺ መሆኑን ማወቁ ነው ፈተናው።

አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ታናሿ ትስጥ፤ አላገባችም፣ ልጅ የላትም» ብሎ ወስኗል። ታላቅ ወንድሟ ነው የታመመው፣ ያሳደጋት። እፊታቸው ስትጠየቅ «ደስ ይለኛል» ትላለች። ለብቻዋ ስትገባ እጇ ይንቀጠቀጣል። አንዷ ባልደረባዬ «ወንድምሽ እየሞተ ነው እኮ! ሁለት አለሽ፣ አንዱን ነው» አለቻት። በደግነት ነበር። ማሽን ላይ የሚሰቃየውን በየቀኑ የምታየው እሷ ናት። ልጅቷ ግን እዚያው ሟሸሸች።

በኋላ ሐኪሙ ለብቻዋ አስቀምጦ «እዚህ የምትነግሪኝ ከኔ አይወጣም። አልሰጥም ካልሽ ለቤተሰብሽ ለለጋሽነት አልተመቸችም ብቻ ነው የምንላቸው» አላት። ተነፈሰች። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሷ ተመልሳ መጣች፣ ለመስጠት። መውጫ በር እንዳላት ስታውቅ ነው ልቧ የረጋው። ሌሎች ደግሞ በዚያው በር ወጥተው ቀርተዋል። እነሱንም አልወቅስም። ያቺን ባልደረባዬን ግን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜያት ነበር።

የዓይን ብሌን ደግሞ ሌላ ነው። ከሞት በኋላ ነው የሚሰጠው፤ ዓይን ባንኩ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ልብ ከቆመም በኋላ በሰዓታት ውስጥ ከተደረሰ ይወሰዳል፤ ፊትም አይበላሽም። ቃል የሚገባው ሰው ብዙ ነው። ሲያርፍ ግን ደውሎ የሚነግር የቤት ሰው ይጠፋል። ለቅሶ ቤት ማን ስልክ ያነሳል? እኛ የጤና ባለሙያዎችም አናስታውሳቸውም።


ቀዳሚት፦

ስለ ቀብሩ አንድ ነገር ልጨምር። «እኛ ቶሎ ነው የምንቀብረው» ይባላል። አገር ቤት እውነት ነው፤ ጠዋት ያረፈ ከሰዓት ይቀበራል። እዚህ ግን አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ስንት ቀን ነው የሚፈጀው? ገንዘቡ እስኪሰበሰብ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሳምንት ይሞላል። ከልገሳ በኋላ ሰውነቱ ተሰፍቶ፣ ታጥቦ ይመለሳል። ግንዘቱም ፍትሐቱም ይደረጋል። እኔ የንስሐ አባቴን ጠይቄ፣ «ልጄ፣ በአውሬ የተበሉትን ሰማዕታት የሚያስነሳ አምላክ አንተን አንድ ኩላሊት ጎደለህ ብሎ ይተውሃል?» አሉኝ። እናንተም የራሳችሁን አባት ጠይቁ። ዛሬ ጠይቁ፤ ፅኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) በር ላይ ሆናችሁ አይደለም።


የደሴዋ፦

ለሙስሊም ወንድም እህቶቼ፦ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ስለ አንጎል ሞት፣ በ1988 ጅዳ ላይ ስለ ንቅለ ተከላ ውሳኔ ሰጥቷል። በፈቃድና ያለ ሽያጭ ከሆነ ይፈቅዳል። የሚቃወሙ ዑለማዎችም አሉ። የኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። አባቴ የታመመ ጊዜ ሂጃቤን ያየ የሆስፒታል ሰው ሁሉ ሳይጠይቀኝ «ለናንተ ሐራም ነው አይደል?» ይለኛል። እንደማንኛውም ሰው ልጠየቅ፤ መብቴ ነው። በኔ ፈንታ እምቢ አትበሉልኝ።


የጉለሌ ልጅ፦

የሌሊት ፈረቃ፣ ስለ ኬንታኪ የወጣውን ሰምተሻል አይደል? ሰውዬው እየተንቀሳቀሰ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወሰዱት የተባለውን። ለእናቴ ማን አሳያት መሰለሽ፣ ቲክቶክ ላይ። «አላልኩህም?» አለችኝ። ምን ልበላት?


የሌሊት ፈረቃ፦

ሰምቻለሁ። ውሸት ነው አልልህም። መንግሥት ራሱ በጁላይ 2025 ነው ያወጣው። ኬንታኪን የሚያገለግለው ድርጅት ጀምሮ ያልጨረሳቸው 351 መዝገቦች ተመረመሩ። 103ቱ ላይ አሳሳቢ ነገር ተገኘ። 73ቱ ላይ ሰዎቹ ለልገሳ የማያበቃ የንቃት ምልክት ነበራቸው። ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ።

ያ ግን የአንጎል ሞት አይደለም። ሌላ መንገድ አለ። ታማሚው አልሞተም፤ ግን ተስፋ የለውም ተብሎ ቤተሰቡ ማሽኑ ይነቀል ካለ በኋላ፣ ልቡ እስኪቆም ተጠብቆ የሚደረግ ልገሳ ነው። እዚህ መንገድ ላይ መቸኮል አደጋ ነው። ታማሚው ከነቃ፣ ጭንቅላቱን ከነቀነቀ፣ ሁሉም ነገር መቆም አለበት። የሚያስቆመው ደግሞ አልጋው አጠገብ ያለችው ነርስ ናት። ለዚህ ነው የኛ አቋም ዋጋ ያለው። ለልገሳ የምትቆም ነርስ «አቁሙ!» ለማለትም የማትፈራ መሆን አለባት። እኔ አንድ ጊዜ ብዬ አውቃለሁ። ቆመ። ማንም አልተቆጣኝም።

ለእናትህ እውነት ነው በላት። ከዚያ ጥያቄዎቿን ጻፍና ላክልኝ፤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።


ቶተንሃም፦

ለንደን ደግሞ ሕጉ ከሜይ 2020 ጀምሮ ተገልብጧል። አልፈልግም ብለህ ካልተመዘገብክ እንደተስማማህ ነው የሚቆጠረው። ግን አሁንም ቤተሰብ ይጠየቃል፤ የምትጠይቀውም ለዚሁ የሠለጠነች ነርስ ናት። ስትመዘገብ «ሃይማኖቴ ይታሰብልኝ» የሚል ቦታም አለ፤ እኔ ሞልቼዋለሁ። እናንተ ከምትሉት ጋር የሚሄደው ግን ስፔን ነው። እዚያም ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ እንደተስማማህ ይቆጥራል። ለ10 ዓመት ብዙ ለውጥ አላመጣም። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ራፋኤል ማቴሳንስ የሚባሉት ሐኪም በየሆስፒታሉ አስተባባሪ ሲያስቀምጡ ነው። አብዛኞቹ እዚያው ፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ፣ ቤተሰብ ማነጋገር የተማሩ ሐኪሞች ናቸው። ያኔ ከሚሊዮን ሰው 14 ለጋሽ ነበር፤ በ2023 ወደ 49 ደርሷል። እዚያም ቤተሰብ እምቢ ካለ አይወስዱም።


የጉለሌ ልጅ፦

ትናንት እሑድ እናቴ ቤት ነበርኩ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጠየቅኋት። «ያኔ መጀመሪያ ቀን አስቀምጠው አስረድተውሽ ቢሆን፣ አክስቴን ባያስቆሟት፣ መርዶውን እንደኛ ወግ ቢነግሩሽ... ትሰጪ ነበር?» አልኳት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሲኒውን አስቀመጠች። «ስሙን ቢጠሩት ኖሮ» አለች።

ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅሁም። ሁለት ጥያቄ ግን አላት፣ የሌሊት ፈረቃ፤ በግል መልእክት ልኬልሻለሁ። አንዱ ስለዚያ 10 ደቂቃ ነው። እኔ ራሴ ገና አልተመዘገብኩም። ማክሰኞ ሥራ የለኝም፤ ቁጭ ብዬ የምዝገባውን ቅጽ አነበዋለሁ።